በአንድ ቀን የተገመደ የሁለት ቀን ገመድ

ከሆሳዕና መናኸሪያ ወረድ ብሎ፣ ሸክላ ሻጮች ከሚቀመጡበት አጠገብ፣ የገመድ ተራ ነበረ። እዚያ ተራ ላይ እትዬ ትርፊትን የማያውቅ አልነበረም። የእንሰት ቃጫ ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ እያሻሸች ስትገምድ የእጇን ፍጥነት ዓይን አይከተለውም። ባለጋሪዎች ከሌሞ ገጠር፣ አልፎ አልፎም ከቦኖሻ፣ የእሷን ገመድ ፈልገው ይመጡ ነበር። «ፈረሱ ይወድቃል እንጂ የትርፊት ገመድ አይበጠስም» ይሉ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራት። ጠዋት ከቃጫው ክምር አንድ እስር ትለያለች። ያ እስር የዕለቱ ሥራ ነው፤ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። እስሩ ሲያልቅ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። በጾም ወራት ያን ጊዜ ተነሥታ እጇን ትታጠባለች፣ በማርያም ቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ ታማትባለች፣ ከዚያ ውሃ ትጠጣለች። ሰዓት አስራ አታውቅም። እንዲያውም ፊት ለፊቷ ያለው ባለሱቅ የእጅ ሰዓቱ ሲቆምበት ወደ እሷ እያየ፣ «እስሯ ሊያልቅ ነው፣ ቅዳሴ ሊወጣ ነው» ይል ነበር።

እኔ በአጥር የምዋሰናት ጎረቤቷ ነኝ። አሁን የምጽፈውን ከራሷም፣ በመንገዷ አብሯት ከነበረው ከመምህር ወንዳፈረውም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሁለቱ በአንዳንድ ነገር ይከራከራሉ፤ በዋናው ግን ቃላቸው አንድ ነው።

ባሏ ጠና ከሚሊሺያው ጋር ኦጋዴን ዘምቶ አልተመለሰም። ከእሱ የቀረላት አንድ ልጅ ነበር፣ ዳኘ። በጦርነቱ የወደቁ ሰዎች ልጆች ኩባ ሄደው እንዲማሩ ሲመረጡ እሱም ተመረጠ። ገና ወተት ጥርሱን ነቅሎ የጨረሰ ልጅ ነበር። እትዬ ትርፊት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችው፤ አውቶቡሱ ከዓይኗ ሲሰወር ወደ ተራዋ ተመልሳ የቀረውን እስር ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት አላየችውም።

በ1978 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም እንደገባ አንድ ሰው ተራዋ ላይ መጥቶ ቆመ። መምህር ወንዳፈረው ነበር፤ የዱራሜ ሰው ነው። ኩባ ላሉት ልጆች አማርኛ እንዲያስተምር ተልኮ ሲሠራ ቆይቶ፣ ለዕረፍት አገሩ ገብቶ ነበር።

«የዳኘ እናት አንቺ ነሽ?» አላት።

«ነኝ። ገመድ ነው የሚፈልጉት ወይስ ልጄን?»

መምህሩ ቃጫው ክምር ላይ ተቀመጠ። እሷም ያን ጊዜ እጇን አቆመች።

«ሞቷል?»

«የለም፣ የለም! ታሟል። ኩላሊቶቹ ሁለቱም ሥራ አቁመዋል። ደሙን በማሽን እያጠቡለት ነው፤ ግን ሰውነቱ ማሽኑን እየቻለው አይደለም። ቶሎ ካልተደረሰለት…»

«ኩላሊት ማለት ይኼ በበሬ ሆድ የምናየው ነው?»

«እሱ ነው።»

«ለሰውም ሁለት ነው?»

«ሁለት ነው። ሰው በአንዱም መኖር ይችላል። ያንቺ ከተስማማው ሐኪሞቹ አንዱን…»

አላስጨረሰችውም። «ታዲያ ምን ያስቀምጠናል?» ብላ ቃጫዋን መሰብሰብ ጀመረች።

የጠና ታላቅ ወንድም አቶ ባፈና ሲሰማ እየጮኸ መጣ። «በግ እንኳ መጀመሪያ ታርዶ ነው ሆዱ የሚከፈተው! አንቺ በሕይወትሽ ልትቀደጂ ነው?»

«ባፈና፣ እሱም የወጣው ከዚሁ ሆድ ነው» አለችው። «መንገዱን ያውቀዋል።»

 ባፈና ሄዶ ለመንገዷ ቆሎ ይዞላት መጣ።

ወረቀቱን መምህሩና የሴቶች ማኅበሯ ሊቀ መንበር ገነቴ ተሯሩጠው ጨረሱት። አዲስ አበባ ተወስዳ ደሟ ተመረመረና ከልጇ ጋር የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። የመረመራት ሐኪም አንድ ነገር አጥብቆ አዘዛት፦ ውሃ በብዛት እንድትጠጣ። «እዚያ እንደደረስሽ ይመረምሩሻል። ሰውነትሽ ደርቆ፣ ደክመሽ ካገኙሽ እስክታገግሚ ቀዶ ጥገናውን ያቆዩታል። ልጁ ደግሞ የሚቆይበት ጊዜ የለውም» አላት።

ከመሄዷ በፊት ለነፍስ አባቷ ለአባ ኃይለመለኮት የሐኪሙን ቃል ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«ጾሙን ፈትቼልሻለሁ» አሏት። «መንገደኛ ነሽ፤ የምትሄጂውም ለነፍስ ነው።»

«አባቴ፣ እኔ ለማርያም ተስያለሁ። ልጄን በዓይኔ እስካየው ድረስ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ አልቀምስም ብያለሁ።»

አባ የእጅ መስቀላቸውን አነሡ። «እንግዲያው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጠግበሽ ብዪ፣ ጠግበሽ ጠጪ። ከዚያ አንዲት ደቂቃ እንዳታሳልፊ። ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ሐኪሙም ሲነገረው፣ ማታ ማታ እስከጠጣሽ ድረስ ግድ የለም አለ። ነገሩ ለሁሉም የሚበጅ መሰላቸው። ዘጠኝ ሰዓት የማይመጣበት ቀን ይኖራል ብሎ ያሰበ ማን ነበር?

በመጀመሪያው ሌሊት ወደ ሞስኮ በረሩ። እትዬ ትርፊት ከመሳፈሯ በፊት በልታና ጠጥታ ነበርና፣ ቀበቶው ሲታሰርላት ነጠላዋን ተከናንባ እንቅልፍ ወሰዳት። መምህሩ እየተገረመ፣ «ሰው አውሮፕላን ሲሳፈር ይጨነቃል፣ አንቺ ታንኮራፊያለሽ» ቢላት፣ «የያዘኝ ጌታ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ እኔ ነቅቼ ብጠብቅ ምን ልረዳው?» አለችው።

ጠዋት ሞስኮ ላይ ሌላ አውሮፕላን ተሳፈሩ፤ ይኼኛው በጣም ትልቅ ነበር። መቀመጫዋ በመስኮቱ በኩል ነው። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ግራጫውን ሰማይ ሰንጥቆ ሲወጣ ድንገት ብርሃን ሆነ። ደመናው በሙሉ ከታች ቀረ፤ እስከ ዓይን ዳርቻ ነጭ ነው፤ ለመድረቅ የተሰጣ ቡላ ይመስላል። እትዬ ትርፊት ግንባሯን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ብዙ ጊዜ ቆየች።

«መምህር» አለች በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አቤት።»

«አሁን ስጸልይ ወደ ላይ ልይ ወይስ ወደ ታች?»

«ለምን ወደ ታች?»

«ሰማዩ ከሥራችን ነው እኮ።»

መምህሩ ሊስቅ ፈልጎ ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋበት። ዓይኗ በእንባ ሞልቶ ነበር። «እዚህ ድረስ ወጥቶ ማንም ሳያየው ጌታ እንዲህ አድርጎ አሳምሮት ኖሯል» አለችው። «ለማን ብሎ ነው? ከታች ሆነን ዝናብ መጣ እያልን ልብሳችንን ስናስገባ፣ ከላዩ እንዲህ ነው ለካ።»

ከዚያ ከዘንቢሏ የጠዋቱን እስር አወጣች። ሁለት እስር ነበር የያዘችው፤ አንዱ ለዚህ ቀን፣ ሌላው ለነገ። ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ ቃጫውን ታሻሽ ጀመር። ማዶ የተቀመጠ አንድ ፀጉረ ሸበቶ ፈረንጅ መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አድርጎ አየ።

«እትዬ ትርፊት፣ እዚህ ገመድ አይገመድም!» አለ መምህሩ እያፈረ።

«ማን ከለከለ? አውሮፕላኑ ቢበጠስስ በምን ልናስረው ነው?»

አስተናጋጇ መጣች። መምህሩ ልትቆጣ ነው ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ገመዱን በጣቷ ነክታ ፈገግ አለችና የምግብ ሰሃን አስቀመጠች። ዶሮ ነበር። እትዬ ትርፊት ሰሃኗን ወደ መምህሩ ገፋችለት።

«ይብሉልኝ። የዚህ አገር ዶሮ ጾም መግባቱን አልሰማችም።»

«እንግዲህ ውሃውን እንኳ…»

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን።»

ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ እግሯ ሥር ወለሉ ላይ አንድ ክብ ብርሃን ጥላ ነበር። እትዬ ትርፊት በዚያ ነው ቀኑን የምትለካው። ገመደች፣ ተረከች፣ ጸለየች፣ ገመደች። ብርሃኑ ግን ወለሉን የሙጥኝ እንዳለ ነው። በመሀል አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመቅዳት አንድ ብርድና ሣር የሞላበት አገር ላይ አረፈ። ወርደው ትንሽ ተንቀሳቀሱ፤ ተመልሰው ሲቀመጡ የጠዋቱ እስር ማለቂያው ላይ ደርሶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አለቀ።

እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ልታማትብ ወደ መስኮቱ ዞረች። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት።

ባዶ መዳፏን አየች፤ ፀሐይዋን አየች። በሕይወቷ እስሩ አልቆ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ቀርታ አታውቅም። «ፈጥኜ ይሆናል» ብላ የነገውን እስር ፈታች።

አሁን ከታቻቸው ደመናው ተገልጦ ውቅያኖስ ነበር። ሰማያዊ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ብቻ።

«ማዶው የት ነው?»

«አይታይም። ገና ብዙ ሰዓት እንበራለን።»

«ይህን ሁሉ ውሃ አሳይቶ ውሃ ያስጠማኛል?» ብላ ሣቀች፤ ከንፈሯ ግን ተሰንጥቆ ስለነበር ሣቁ አሳመማት።

መምህሩ ያን ጊዜ ነው የደነገጠው። ዓይኗ ጎድጉዶ ነበር። የአውሮፕላን አየር ሰውን እንደ በርበሬ ያደርቃል። ሰዓቱን አየ፤ ያሰረው በአገር ቤቱ አቆጣጠር እንደተሞላ ነበር።

«እትዬ ትርፊት፣ ስሚኝ። ሆሳዕና አሁን መሽቷል። ሰዉ ራቱን በልቶ ከብቱን አስገብቷል። አባ ኃይለመለኮትም ተኝተዋል። ጠጪ!»

«እኔ ሆሳዕና ነኝ እንዴ? እኔ ያለሁበት ፀሐይ አናቴ ላይ ናት።»

«እኛ ወደ ምዕራብ እየሄድን ነው እኮ! ፀሐይም ወደ ምዕራብ ነው የምትሄደው። እየተከተልናት ነው፤ ለዚህ ነው የማትጠልቀው።»

እጇ ቆመ። «ሰው ፀሐይን ይከተላታል?»

«ይኸው እየተከተልናት ነው።»

«እና እንደርስባታለን?»

«አንደርስባትም። ግን ታዘግማለች፤ ቀኑ ይረዝማል።»

 መምህሩ እንደሚለው ፊቷ ላይ ያየው ፍርሃት አልነበረም። ሰው የቅድስተ ቅዱሳን መጋረጃ ሲገለጥ ባለበት የሚደርቀውን ዓይነት መድረቅ ነበር። ከዚያ መግመድ ቀጠለች፤ ግን ጣቶቿ ይሳሳቱ ጀመር። አንዴ ቃጫው ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ልታነሣ ስትል ራሷን አዙሯት የፊቷን መቀመጫ ያዘች።

«ልጅሽን ልትገድዪው ነው!» አለ መምህር ወንዳፈረው። ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሽበታሙ ፈረንጅም ዞረ። «ደርቀሽ ብትደርሺ አያስገቡሽም። ሐኪሙ የነገረሽን ረሳሽው? ያንቺ ስለት ለማርያም ነው ወይስ ለፀሐይ?»

 እሷ የቀራትን አንድ ጭብጥ ቃጫ ገመደች። አልቸኮለችም፣ አልዘገየችምም፤ ገበያ ላይ እንደምትገምደው ነው የገመደችው። የመጨረሻው ጫፍ ሲያልቅ ቋጠረችውና ሁለቱን ገመድ ጎን ለጎን እግሯ ሥር አስቀመጠቻቸው። ብርሃኑ ክቡን ይዞ ገመዶቹ ላይ ወድቆ ነበር። ፀሐይ ገና ነበረች።

«መምህር፣ ይኼን ይዩ» አለች በቀስታ። «ይኼ የሁለት ቀን ገመድ ነው።»

«አየሁ።»

«እጄ አይሳሳትም። ሃያ ዓመት አልተሳሳተም። ይህች ቀን አንድ ቀን አይደለችም፤ ሁለት ናት። ዘጠኝ ሰዓት አንድ ጊዜ አልፏል። አሁን ደግሞ ሁለተኛው ነው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አባ ስለ ኢያሱ አስተምረውናል። ፀሐይ በሰማይ መካከል ቆመች፣ ለመግባትም አልቸኮለችም ብለው። ኢያሱ ያቆማት ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ነው እንጂ ሕዝቡን በጥም ሊጨርስ ነው? ለኔም ያቆመልኝ ቀን ሳይመሽብኝ ልጄ ጋ እንድደርስ ነው። እኔ ሞኟ ደግሞ እርዳታውን እንደ እገዳ ቆጠርኩት።»

መምህሩ አስተናጋጇን ለመጥራት እጁን አነሣ፤ እሷ ግን ቀድማ ቆማ ታያቸው ነበር።

እትዬ ትርፊት አማተበች። የመጀመሪያውን ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ሁለተኛውን ቀስ ብላ ጠጣችው። አስተናጋጇ ብርጭቆ ማመላለሱን ትታ ጠርሙሱን አምጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። የባፈናን ቆሎ በላች፣ ዳቦውን በላች፣ የመምህሩንም ዳቦ በላች።

«ዶሮዋንስ?» አለ መምህሩ፣ ከጭንቀቱ ሲላቀቅ ቀልዱ ተመልሶለት።

«ሂድ አንተ!» አለችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደ ታናሽ ወንድሟ አንተ ትለዋለች።

ሐቫና ሲያርፉ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ወርዳ ብርቱካን መስላ ነበር። ከመኪናው መስኮት ውጭ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቁመታቸው ሰማይ የሚነካ ዘንባባዎች ተሰልፈው ነበር። እትዬ ትርፊት ዘንባባ የምታውቀው በሆሳዕና ዕለት ግንባሯ ላይ የምታስረውን ቅጠል ነው። «ኧረ ይኼ አገር ሁልጊዜ ሆሳዕና ነው!» አለች።

በዚያው ምሽት መረመሯት። ሐኪሟ ለመምህሩ የነገረችውን እሱ ተረጎመላት፦ «ደህና ነሽ። ትንሽ ደክመሻል እንጂ ደህና ነሽ።»

ዳኘ አልጋው ላይ ነበር። የሸኘችው ልጅ ደረቷ ድረስ ነበር፤ አሁን የተኛው እግሩ ከአልጋው ሊወጣ የደረሰ ጎረምሳ ነው፤ ፊቱ አብጧል። ግራ ጆሮው ሥር ያለውን ጠባሳ እስክታይ አላወቀችውም። እሱ ግን አወቃት።

«እማ። ጾመሽ ነው የመጣሽው?»

«ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አለችው፤ ሁለቱም አለቀሱ።

ምርመራው ሁሉ አልቆ የተቀጠረው ቀን ሲደርስ ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች አስተኟቸው። እትዬ ትርፊት ስትነቃ ጎኗ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከራስጌዋ መምህር ወንዳፈረው ቆሞ ነበር። በዓይኗ ጠየቀችው።

መምህሩ እየሣቀ ያለቅስ ነበር። «ሸና!» አላት። «እትዬ ትርፊት፣ ዳኘ ሸና! ኩላሊትሽ እንደተገጠመለት እዚያው ሐኪሞቹ ፊት ነው ውሃ የለቀቀው። ነርሶቹ ያጨበጭባሉ!»

ዓይኗን ጨፈነች። «ያ የጠጣሁት ውሃ ነው» አለች።

ሐኪሞቹ ሌላ ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ቁጭ ብዬ አስባለሁ። አንዲት እናት በውቅያኖስ ላይ፣ በቆመች ፀሐይ ሥር አንድ ብርጭቆ ውሃ ትጠጣለች፤ ያ ውሃ በልጇ በኩል ሕይወት ሆኖ ይወጣል። እግዚአብሔር ሥራውን የሚሠራው በትልቅ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን እናየው ነበር?

በክረምቱ ተመለሰች። እነዚያን ሁለት ገመዶች በዘንቢሏ ይዛ ነበር። አንድ ባለጋሪ ሊገዛቸው ሲከራከር፣ «ይኼ የጋሪ አይደለም» አለችውና ሁለቱን አጋምዳ አንድ ወፍራም ገመድ አደረገቻቸው። ለማርያም ለደወሉ ሰጠችው። አባ ኃይለመለኮት ራሳቸው አሰሩት።

ዳኘ ትምህርቱን ጨርሶ በ1981 ዓ.ም. አገሩ ገባ። እንደመጣ በመጀመሪያው የጾም ቀን ወደ ማርያም ሄዶ ያን ገመድ ያዘና የዘጠኝ ሰዓቱን ደወል ደወለ። እኔ በዚያ ሰዓት በገመድ ተራ በኩል አልፍ ነበር። እትዬ ትርፊት የዕለቱን እስር ጨርሳ መዳፏን በነጠላዋ እየጠረገች ነበር። ደወሉን ስትሰማ ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች፤ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃ ነበር። አማተበችና ጣሳዋን አነሣች።

«ዛሬ በሰዓቷ መጣች» አለችኝ። ጠጣች።